«ተገኘ» አይበቃም፤ ስንት ተገኘ?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

«ሆርሞን የተረጨ አትክልት» የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር ቶሎ ብዬ ቁጥሩን እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ አላገኘውም። የኬሚካል ቅሪት ተገኘ ይባላል፣ በቃ። ስንት ሚሊግራም? በአንድ ኪሎ ውስጥ? ዝም። አንባቢው ወይ ቲማቲም እርም ይላል፣ ወይ «ምን ያልተመረዘ አለ!» ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ሁለቱም ያሳዝነኛል።

ፍሬ ቶሎ እንዲበስል የሚረጨውን ኤቴፎን የተባለ ኬሚካል እንውሰድ። ተክሉ ውስጥ ሲገባ ፈርሶ ኤቲሊን ጋዝ ይለቃል፣ ፍሬውንም ቶሎ ያቀላል። ሰው አካል ውስጥ በብዛት ሲገባ ደግሞ ለነርቭ ሥራ የሚያስፈልገንን ኮሊንኢስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያዳክማል። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በጋራ የሚሰበስቧቸው ባለሙያዎች ዕድሜ ልክ በየቀኑ ቢወሰድ አይጎዳም ያሉት መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.05 ሚሊግራም ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በኪሎ 1 ሚሊግራም ኤቴፎን ያለበት ቲማቲም አለ እንበል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 200 ግራም ቢበላ፣ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ የሚደርሰው 0.003 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከገደቡ በጣም ይርቃል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ግን 100 ግራም ብቻ በልቶ 0.01 ይደርሰዋል። በግማሽ ሳህን ከአዋቂው ሦስት እጥፍ! እሱም ቢሆን የገደቡ አንድ አምስተኛ ነው፤ ግን ልጁ በቀን የሚበላው ቲማቲም ብቻ አይደለም። ለእኔ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በአዋቂ ሚዛን ብቻ ተለክቶ «ችግር የለውም» ሲባል ልጆቹ ተረስተዋል።

ምግቡ እሳት ላይ ሲወጣ የሚሆነውም አብሮ መታየት አለበት። ፖም ላይ ይረጭ የነበረው ዳሚኖዛይድ የተባለ የዕድገት መቆጣጠሪያ ኬሚካል ሲሞቅ ዩዲኤምኤች ወደሚባል፣ ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ ወደተፈራ ነገር ይለወጣል። አሜሪካ ውስጥ አምራቹ ለምግብ ሰብል መሸጡን ያቆመው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ነው። ጥሬውን ብቻ ለክቶ መፍረድ እንደማይበቃ ያኔ በደንብ ታይቷል።

ዓይናችንም አያድነንም። ቲማቲም ሲቆረጥ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ ፍሬ አልባ ሆኖ ሲገኝ «ሆርሞን ነው» እንላለን። ኦክሲን የተባለ የዕፅዋት ዕድገት ሆርሞን የተረጨ ቲማቲም እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ብርድ የመታውና አበባው በደንብ ያልዳበረም ልክ እንደዚያው ነው። የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ዘገባ የኬሚካሉን ስም፣ በኪሎ የተገኘውን መጠንና ገደቡን አብራችሁ ጻፉልን። ከጎኑም 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ስንት እንደሚደርሰው አስሉና አስቀምጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ