ሜሞሪ መጠየቅ ሌላ፣ ማግኘት ሌላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አዲስ አበባ ውስጥ ለወጣቶች የሲ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ብዕር ያነሳሁት በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ ሜሞሪ እንድትጽፉ ልለምናችሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ሊኑክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ በማሎክ (በሲ ሜሞሪ መጠየቂያው ትእዛዝ) 1 ጊጋባይት ጠየቀች። ተፈቀደላት። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የሜሞሪ ፍጆታ ግን ንቅንቅ አላለም። «ቲቸር፣ ሰጠኝ ወይስ አልሰጠኝም?» አለችኝ። በየ4096 ባይቱ (ሊኑክስ ብዙ ጊዜ ሜሞሪ የሚያድልበት ቁራጭ ነው) አንዳንድ ባይት ጻፊበት አልኳት። ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ሽቅብ ወጣ። ሊኑክስ መጀመሪያ የሚሰጠው አድራሻ ነው፤ እውነተኛውን ቦታ የሚያስረክበው ሲነካ ነው። ክፍሉ በሙሉ ተነስቶ ስክሪኑን ከበበው።

ማሎክም ቢሆን ለእያንዳንዷ ጥያቄ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይሮጥም። በርከት አድርጎ ያመጣና ይሸነሽናል። በፍሪ (በሜሞሪ መመለሻው ትእዛዝ) የመለስንለትንም ብዙ ጊዜ ለሚቀጥለው ጥያቄ ያቆየዋል።

ፍሪን መርሳት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ያልተመለሰው ሜሞሪ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ድሮ የሠራሁበት ድርጅት ሰርቨሩ በየሦስት ቀኑ ቀጥ ይል ነበር። እኛም አጥፍተን እናበራዋለን። በኋላ ስናጣራ፣ ስህተት ሲፈጠር ቀድማ የምትወጣ አንዲት ሪተርን (ከፈንክሽን፣ ማለትም ከፕሮግራሙ ክፍል፣ መውጫ ትእዛዝ) ፍሪን እየዘለለች ኖሯል። ለአንድ መስመር ስንት ሌሊት አደርን!

ይህን በአማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ ተማሪዎቼ አጥብቀው ይፈልጋሉ። እባካችሁ ጻፉት። ረቂቁን ለማየት እኔ አለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሲ መምህር፣ ከአራት ኪሎ