ተውሳኩን በሚበላው መያዝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አዳዲስ መድኃኒቶች የሚወጡ ዜናዎች አብዛኛውን ጊዜ «ተውሳኩን ገደለ» ብለው ያበቃሉ። እንዴት እንደገደለው ግን ከዜናው ያላነሰ ቁም ነገር ነው።

የወባ ተውሳክ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ለዘረመሉ ከሚያሹት ሁለት ዓይነት የግንባታ ንጥረ ነገሮች አንዱን፣ ፒዩሪንን፣ ከሰው ይወስዳል፤ ሌላውን፣ ፒሪሚዲንን፣ ግን ራሱ መሥራት አለበት። የሰው ሴል ፒሪሚዲንን ራሱ ሠርቶም፣ ዝግጁውን ወስዶም ያገኘዋል። አቶቫኮን የተባለው የወባ መድኃኒት የተውሳኩን ማይቶኮንድሪያ (የሴሉን ኃይል አመንጪ ክፍል) ሲያውክ ዋናው ጉዳት የኃይል እጦት ሳይሆን ፒሪሚዲን የሚሠራው ኢንዛይም ሥራ መፍታቱ ነው። ብቻውን ሲሰጥ ግን መድኃኒቱ በሚያርፍበት የማይቶኮንድሪያ ፕሮቲን፣ በሳይቶክሮም ቢ፣ ላይ የምትከሰት አንዲት የዘረመል ለውጥ ታከሽፈዋለች፤ ፕሮጓኒል ከተባለ ሌላ የወባ መድኃኒት ጋር የሚሰጠውም ስለዚህ ነው።

መድኃኒት ተውሳኩን እንዴት እንደሚገድል የሚመረምረው ጥናት ራሱ በቀላሉ ይሳሳታል። ተውሳኩ የሚያድገው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ነውና፣ ያልተያዘ ደም በተመሳሳይ ሁኔታ አብሮ ካልተለካ የተገኘው ውጤት የማን እንደሆነ አይለይም። ናሙናው በሰከንዶች ውስጥ ወደ 0 ዲግሪ ካልወረደ በውስጡ ያለው ኤቲፒ (የሴል ኃይል ተሸካሚ ንጥረ ነገር) ሳይለካ ይለወጣል (ቱቦውን በረዶ ላይ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው)። ተውሳኩ በቤተ ሙከራ የሚያድግበት የተለመደው ፈሳሽ፣ አርፒኤምአይ 1640፣ በሊትር 2 ግራም ግሉኮስ አለው፤ በጤነኛ ሰው ደም ካለው እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ የስኳር ብዛት ውስጥ ግሉኮስ ወደ ተውሳኩ የሚገባበትን በር ከግሉኮሱ ጋር እየተሻማ የሚዘጋ ንጥረ ነገር ደካማ መስሎ ሊጣል ይችላል።

መድኃኒቱ በእርግጥ የታሰበውን መንገድ (ተውሳኩ አንድን ንጥረ ነገር የሚሠራበትን ሂደት) ዘግቶ እንደሆነ ማጣሪያው ቀላል ነው፦ የዚያን መንገድ ውጤት ከውጭ መጨመር። ለምሳሌ ፎስሚዶማይሲን የተባለው መድኃኒት ተውሳኩ አይሶፔንቴኒል ፓይሮፎስፌት የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠራበትን መንገድ ይዘጋል፤ መድኃኒቱ በተደረገበት ተውሳክ ላይ ይኸው ንጥረ ነገር በ200 ማይክሮሞላር መጠን ሲጨመር ተውሳኩ ይተርፋል። ዘጋቢዎች ይህ ሙከራ መደረጉን ቢጠይቁልን።