በሰኔ የሚቆረጥ ሞዴል 19

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ የምናነበው ስለ ጠቅላላ ድምሩ ነው። በዚያው ሰኔ በመሥሪያ ቤቶች ዕቃ ግምጃ ቤት ስለሚሆነው ግን ሲጻፍ አላየሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ኃላፊ ስለነበርኩ እኔው ልጻፍ።

እስከ ግንቦት አጋማሽ አንድ ፓኬት እስክሪብቶ ወጪ ለማድረግ የፊርማ ጋጋታ ነው። ግንቦት ሲያልቅ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ለወራት ያልተሰበሰበው የግዥ ኮሚቴ ያመሻል፣ ግቢው በጭነት መኪና ይጨናነቃል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 ሲቃረብ ደግሞ “ዕቃው መንገድ ላይ ነው፤ ሞዴል 19 ቁረጪ” የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ሞዴል 19 ዕቃ ገቢ መሆኑ የሚረጋገጥበት ሰነድ ነው። በዓይኔ ያላየሁትን፣ በእጄ ያልቆጠርኩትን ተረክቤያለሁ ብዬ ልፈርም ማለት ነው። እምቢ ስል “በጀቱን ልታስመልሺብን ነው?” ተብዬ እወቀሳለሁ። የመንግሥት ገንዘብ ለመንግሥት መመለሱ እንዴት ጥፋት እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ሥራዬን ሳስረክብ መደርደሪያው ላይ ካርቶኑ እንኳ ያልተከፈተ ቶነር ተደርድሮ ነበር፤ ማተሚያዎቹ ቀድመው ተወግደዋል።

አለቆቼ ሌቦች አልነበሩም። አሠራሩ ግን ቆጣቢውን ሁለት ጊዜ ይቀጣል። ያልተሠራበት ገንዘብ ዓመቱ ሲዘጋ ወደ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል፤ ለቀጣዩ ዓመት የበጀት ጣሪያ፣ ማለትም ሊጠየቅ የሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ ሲሰጥ ደግሞ “አምናም አልተጠቀማችሁበትም” ተብሎ ይቀነሳል። እንዲህ ሆኖ ማን ይቆጥባል?

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል በጀት በፕሮግራም እንዲዘጋጅ ተደርጓል፤ ሰነዱም ግብና ውጤት ይዘረዝራል። የዕለት ተዕለት ቁጥጥሩ ግን ለየወጪው ዓይነት ቁጥር ከሚሰጠው የሒሳብ መደብ አልወጣም፤ 6217 ለነዳጅ፣ 6231 ለውሎ አበል። “መደቡ ላይ ቀሪ አለ?” የሚል ጥያቄ በየቀኑ እሰማ ነበር፤ “ሥራው የት ደረሰ?” ሲባል የምሰማው ሪፖርት የሚጻፍ ሰሞን ብቻ ነበር። የፌዴራል ዋና ኦዲተርም ሥራ ላይ ያልዋለ በጀትና ከተፈቀደው በላይ የወጣ ወጪ እንዳለ ደጋግሞ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ችግሩ ሪፖርቱ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ የሚቀጥለው ዓመት ሊዘጋ ሲል መሆኑ ነው። ያኔ ቶነሩ ተገዝቶ አልቋል።

የስዊድን መሥሪያ ቤቶች ከአስተዳደር በጀታቸው እስከ 3 በመቶ የሚሆነውን ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ ቀጣዩ ዓመት ያሻግራሉ። መንግሥት አይከስርም፤ ጠቅላላ የወጪ ጣሪያው ለሦስት ዓመት ቀድሞ ስለሚወሰን መሻገሩ ዕቅዱን አያናጋም። እኛም ለሥራ ማስኬጃ በጀት ይህን ብንሞክረው ምን ይገደናል? ደመወዝና የተጓተተ የካፒታል ፕሮጀክት አይካተቱበት፤ አለዚያ ሰነፍ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ማከማቻ ያደርገዋል።

እርግጥ ጣሪያ የሚባለው ነገር እንዲታመን ዓመቱን ሙሉ መጽናት አለበት። ለ2017 የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ኅዳር ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። የብር ምንዛሪ ገና በመለወጡ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቢሆንም በዓመቱ መካከል ዕቅዱ እንዲህ ሲያብጥ ያየ የዕቅድ ባለሙያ የሦስት ዓመት ጣሪያን ከልቡ አያምንም።

ለምክር ቤቱ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አባላት አንድ ልመና አለኝ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ስትጠሩ ወጪያቸውን በወር በወር ከፍለው እንዲያቀርቡ አድርጉ። የሰኔው ከሌሎቹ ወራት በምን ያህል እንደሚበልጥ እዩ፤ ከዚያም በዚያ ወር የተቆረጡትን ሞዴል 19ዎች ከአቅራቢዎቹ ደረሰኝ ቀን ጋር አስተያዩ። ይህን ጥር ላይ ብታደርጉት ደግሞ ለሚቀጥለው ሰኔ ይደርሳል።

ጡረተኛ የግምጃ ቤት ኃላፊ