የአዳራሽ ማሞቂያ በብሬከር አይዘጋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር የደሴ ነዋሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ዓይነት መሣሪያ አያያዝ ነው፤ ይኸውም ኮምፕሬሰሩ (የማቀዝቀዣው ጋዝ መጭመቂያ)፣ ማራገቢያው፣ ማጣሪያውና የኤሌክትሪክ ማሞቂያው በአንድ ትልቅ የብረት ሣጥን ውስጥ ተጠቃሎ የሚመጣው፣ ከአዳራሽ ጀርባ ወይም ከጣሪያ ላይ ተተክሎ አየሩን በቆርቆሮ ቱቦ ወደ ውስጥ የሚልከው ኤሲ ነው። ኤሲ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቅዝቃዜን ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ግንቦትና ሰኔን ላሳለፈ ሰው አሳቡ ትክክል ነው። ከዚያ ሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዳገቱን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ግን ያው መሣሪያ ከኅዳር እስከ ጥር የሚፈለገው ለሙቀት ነው። እኔም የምጽፈው ስለዚሁ ስለ ሙቀቱ ወገን ነው፤ ምክንያቱም በማቀዝቀዝ ጊዜ የሚሠራ ስሕተት ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ሲያስወጣ፣ በማሞቅ ጊዜ የሚሠራ ስሕተት እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

አምና በታኅሣሥ ወር፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጋቢ አልፎ አጥንት በሚነካበት ሰሞን፣ «ማሽኑ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ሙቀትም አይሰጥም» ተብዬ ወደ አንድ አዳራሽ ተጠራሁ። የሣጥኑን የጎን ክዳን ፈትቼ መጀመሪያ ያየሁት ማጣሪያውን ነበር። ነጭ የነበረው ጨርቅ ከአቧራውና ከዕጣኑ ጭስ የተነሣ ጠቁሮና ወፍሮ ደበሎ መስሏል፤ በጣቴ ብጫነው ትቢያው እንደ ደረቅ ቂጣ እየተቆረሰ ወደቀ። ከማሞቂያው ሽቦዎች ሁለቱ ረግበው ከሸክላ መያዣቸው ወጥተዋል፤ የብረቱን ክፈፍ ለመንካት የቀራቸው ከአንድ ጣት ውፍረት ያነሰ ነበር። የገመዱ ሽፋን ከተርሚናሉ፣ ማለትም ገመዱ በብሎን ከሚታሰርበት ቦታ ጀምሮ አንድ ስንዝር ያህል አሯል። ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን የሙቀት መቁረጫው ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ማሞቂያውን በራሱ እንዲያጠፋ የተሠራው ይህ ትንሽ ዕቃ ሁለት ጫፎቹ በአንዲት አጭር ቢጫ ሽቦ ተያይዘዋል፤ እኛ በሥራችን ቋንቋ ዳይሬክት ተደርጓል የምንለው ነው። «አሁንም አሁንም እየጠፋ ሲያስቸግረን አንድ ልጅ ጠርተን አስተካከለልን» አሉኝ።

የአዳራሹ ጥበቃ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለሥራቸው እጅግ ታማኝ የሆኑ አባት ናቸው። «አባቴ፣ ማታ ሲዘጉት እንዴት ያደርጋሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ ብሬከሩን ወደ ታች አደርገዋለሁ ልጄ፤ መብራት እንዳይፈጅ ቶሎ ይዝጉ ብለውኛል» አሉኝ። የታዘዙትን ነው የፈጸሙት። ያዘዛቸውም ሰው ክፉ አላሰበም። መሣሪያው ተተክሎ ርክክብ ሲደረግ ወረቀት የፈረመው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የእንግሊዝኛው የአሠራር መጽሐፍም የገባው በእርሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማታ ማታ መሣሪያውን የሚዘጋው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ብሬከሩን በመጣል መዝጋት ለምን ጉዳት እንደሚያመጣ ለማስረዳት የማሞቂያውን አሠራር ጥቂት መናገር አለብኝ። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ሥር እንዳለው ያለ ጥምዝ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል፤ ማራገቢያው አየሩን በሽቦዎቹ መካከል እያሳለፈ ሙቀቱን ይዞ ወደ አዳራሹ ይሄዳል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ እንግዲህ ባለ 15 ኪሎዋት ማሞቂያ ማለት ከአራት የማያንስ ምጣድ በአንድ ጠባብ ቱቦ ውስጥ በአንድነት እንደ መጣድ ነው። የምጣዱ ሽቦ ሙቀቱን የሚቀበለው ሸክላ ከላዩ አለለት፤ ይኸኛው ግን በአየር ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ከሚያልፍበት ነፋስ በቀር ሙቀቱን የሚወስድለት የለም። ብሬከሩ ሲወርድ ማሞቂያውም ማራገቢያውም በአንድ ቅጽበት ይጠፋሉ፤ «ሁለቱም ከጠፉ ታዲያ ምን ችግር አለ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ችግሩ ሽቦው፣ ሸክላውና ክፈፉ ቀድሞ የያዙት ሙቀት ነው። ያ ሙቀት የሚወስደው ነፋስ ሲያጣ ወደ ተርሚናሉ፣ ወደ ገመዱ ሽፋንና በአቅራቢያው ወዳለው ዕቃ ሁሉ ይሄዳል። አንድ ምሽት ቢሆን ምንም ላይታይ ይችላል፤ በየምሽቱ ሲደጋገም ግን ሽፋኑ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ የተርሚናሉ ብሎን ይላላል፤ የላላ ብሎን ደግሞ ራሱን ችሎ ሙቀት ይፈጥራል።

ስለዚህ ሲዘጋ በመጀመሪያ በቴርሞስታቱ (ግድግዳ ላይ ባለው የሙቀት መጠን መወሰኛ) ላይ ማሞቂያውን ብቻ አጥፍቶ ማራገቢያው ለብቻው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ እንዲነፍስ መተው፣ ከአየር መውጫው ፊት መዳፍን ዘርግቶ የሚወጣው አየር መቀዝቀዙን ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ማራገቢያውን ማጥፋት ይገባል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ማሞቂያው ከጠፋ በኋላ ማራገቢያውን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ብሬከሩን የሚጥል ሰው ግን ይህንንም ጥበቃ አብሮ ይጥለዋል። ብሬከሩ ለጥገናና ለአደጋ ጊዜ ነው የተሠራው። በነገራችን ላይ ኮምፕሬሰሩ ሥር ዘይቱን የሚያሞቅ ትንሽ ማሞቂያ ያላቸው መሣሪያዎች አሉ፤ ኃይሉ ለቀናት ተቋርጦ ከቆየ፣ ወደ ማቀዝቀዝ ከመዞር በፊት ብሬከሩን ከፍቶ ቢያንስ ለ12 ሰዓት መጠበቅ ኮምፕሬሰሩን ከጉዳት ያድነዋል። ሌሊት ሌሊት ብሬከር መዝጋት ይህንን ወገንም ይጎዳል ማለት ነው።

ጉዳዩ ደሴ ላይ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት ደግሞ አለ፤ በባለቤቶችም በአስመጪዎችም ዘንድ ሲነሣ ሰምቼ ስለማላውቅ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በሰዓት 3,000 ሜትር ኩብ አየር ይገፋል ተብሎ የተጻፈበት ማራገቢያ እዚህም ያንኑ 3,000 ሜትር ኩብ ይገፋል፤ ነገር ግን የገፋው አየር ቢመዘን ሩብ ያህል ይጎድላል፤ ሙቀትን የሚሸከመውም ክብደቱ ነው። 15 ኪሎዋት ማሞቂያ ያንን አየር በባሕር ዳርቻ በ15 ዲግሪ ገደማ የሚያሞቀው ከሆነ፣ ደሴ ላይ በ20 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ደስ የሚያሰኝ ይመስላል፤ ሽቦው ግን ሁልጊዜ ለተሠራበት ወሰን ቀርቦ ነው የሚውለው። በሌላ ስፍራ በግማሽ የተዘጋ ማጣሪያ ይዞ የሚሰነብት መሣሪያ፣ እዚህ በዚያው ማጣሪያ የሙቀት መቁረጫው ደጋግሞ ሊጥለው ይችላል። የዚያ አዳራሽ መቁረጫ «አሁንም አሁንም እየጠፋ» ያስቸገረው ተበላሽቶ አልነበረም፤ ሥራውን እየሠራ፣ ማጣሪያውን እጠቡልኝ እያለ ነበር። መሣሪያ የሚገዛ ሰው ቦታው 2,500 ሜትር ላይ እንደሚገኝ ለሻጩ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢያሳውቅ፣ ለዚህ ከፍታ የሚስማማ የማራገቢያ ፍጥነትና የማሞቂያ መጠን ማስመረጥ ይቻላል። ማጣሪያውንም በማሞቂያው ወራት ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ ማየት፣ የሚታጠብ ከሆነ በለብታ ውኃ አጥቦ በጥላ አድርቆ መመለስ ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

መቁረጫውን ዳይሬክት ማድረግን በተመለከተ ለሙያ ባልደረቦቼ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። አዳራሹ ሞልቶ፣ ማሞቂያው በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ሳለ መብራት ድንገት ይሄዳል፤ በዚያች ቅጽበት ማራገቢያው ስለሚቆም የጋለው ሽቦ በቆመ አየር መካከል ይቀራል። ይህንን ማንም ጥበቃ ሊከለክለው አይችልም። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ከሦስቱ ፌዞች፣ ማለትም ኃይል ወደ መሣሪያው ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች አንዱ ሳይመጣ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ የማራገቢያው ሞተር ሳይነሣ እያጓራ ሲቀር፣ ማሞቂያው ግን በቀሩት ፌዞች መጋሉን ይቀጥላል። ሦስተኛም ነገር አለ፤ መስመር ከተጠገነ በኋላ ሁለት ፌዞች ቦታ ተለዋውጠው ከተገናኙ የማራገቢያው ሞተር ወደ ኋላ ይዞራል። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ከበሮ መሰል ማራገቢያ ወደ ኋላ ሲዞርም አየር የሚያወጣው በዚያው አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ እጁን አስጠግቶ የሚሞክር ሰው «ይነፍሳል» ይላል፤ የሚነፍሰው ግን ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው። መብራቱ ከተመለሰ በኋላ በሚደርሱት በእነዚህ በኋለኞቹ ሁለት አጋጣሚዎች በአዳራሹ ሰውና በእሳቱ መካከል የሚቆሙት ያ መቁረጫና የአየር ፍሰቱን የሚከታተለው ማብሪያ ብቻ ናቸው። እነርሱን በአንድ ቁራጭ ሽቦ ያለፈ ባለሙያ ደንበኛውን አስደስቶ የሄደ ቢመስለውም፣ ያንን ሕዝብ ያለ ጠባቂ ጥሎት ሄዷል። በእጅ ተጭነው የሚመልሱት መቁረጫ ከወደቀ፣ ከመመለሱ በፊት ማጣሪያው፣ የማራገቢያው ቀበቶ፣ የሞተሩ አዟዟርና ሦስቱም ፌዞች ይታዩ።

መሣሪያውን በማብራት ረገድ ያየሁት ችግር ይህን ያህል አያሰጋም፤ ሆኖም ብዙ ኃይል ያባክናል። ሰዉ ገብቶ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ይበራና ቶሎ እንዲሞቅ በሚል ቴርሞስታቱ 30 ላይ ይደረጋል። ክፍሉ በጣም የቀዘቀዘ እንደሆነ 20 ላይ ቢደረግም 30 ላይ ቢደረግም የሚበሩት ሽቦዎች ቁጥር ያው ነው፤ ቁጥሩ የሚወስነው መቆሚያውን ነው። የተቀመጠ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል፤ 200 ሰው ማለት 20 ኪሎዋት ገደማ ስለሆነ ከ15 ኪሎዋቱ ማሞቂያ ይበልጣል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ አብርቶ፣ አዳራሹ ሲሞላ 19 ወይም 20 ላይ ማድረግ ይበቃል። የውጭ አየር ማስገቢያውን በጨርቅ መወተፍም ልማድ ሆኗል፤ ያን ያህል ሰው የተነፈሰውን አየር መልሶ መላልሶ ሲተነፍስ ራሱን የሚያመው በዚህ የተነሣ ነው።

በመሣሪያው ላይ ጥላቻ እንደሌለኝ ልብ ይባልልኝ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ ማደር ስንት ቤተሰብ እንደሚያጠፋ በአገራችን ያልሰማ የለም፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያንን መርዘኛ ጭስ አያወጣም፤ ሕሙማን ለሚተኙበት ክፍል፣ ሕፃናት ለሚማሩበት ክፍል እንዲስፋፋ የምመኘው እኔ ራሴ ነኝ። የምጠይቀው ርክክቡ እንዲለወጥ ነው። የአዳራሽ፣ የሆቴልና የክሊኒክ ባለቤቶች የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን በቦታው ያስቁሙ፤ የተከለው ድርጅት በእነርሱ እጅ መሣሪያውን አስከፍቶና አስዘግቶ ያሳይ፤ ማጣሪያውንም ራሳቸው ያውጡት፣ ራሳቸው ይመልሱት። የአከፋፈቱና የአዘጋጉ ቅደም ተከተል በአማርኛ በጉልህ ተጽፎ ከቴርሞስታቱ ጎን ይለጠፍ። ሠራተኛ ሲለወጥም ለአዲሱ በቃል ከሚነገረው ይልቅ ያ ወረቀት ይቆያል።

በዚያ አዳራሽ የተቃጠሉትን ሽቦዎችና ገመዶች ቀይሬ፣ ቢጫዋን ሽቦ አውጥቼ፣ መቁረጫውን ወደ ሥራው ከመለስኩ በኋላ፣ ለእኚያ አባት ይህችን ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩላቸው፦ «መጀመሪያ ሙቀቱን ያጥፉ። አየሩ እጅዎን እስኪያቀዘቅዘው ይቁሙ። ከዚያ ማራገቢያውን ያጥፉ። ብሬከሩን አይንኩ። ቢሸትዎ ግን ብሬከሩን ጥለው ባለሙያ ይጥሩ።» ጋዜጣችሁ ይህችን ጽሑፍ በጉልህ ቢያወጣት፣ መሣሪያው ያለው ሁሉ ቆርጦ ሊለጥፋት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ
ከደሴ