በአሜሪካ ጦር ለሚያገለግሉ አባሎቻችንና ለቤተሰቦቻቸው

የተከበራችሁ አባላት፣

ከእኛ መካከል በአሜሪካ ጦር የሚያገለግሉ እንቅልፍ እያጡና ከሰው እየሸሹ እንኳ፣ ሐኪም ጋ ቢሄዱ ማዕረጋቸውን ወይም የምስጢር ፈቃዳቸውን (ምስጢራዊ መረጃ የማየት ፈቃድ) የሚያጡ መስሏቸው ዝም እንደሚሉ ስለምናውቅ ይህን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

በ2018 እ.ኤ.አ. ሕይወቱ ባለፈ ወጣት የባሕር ኃይል ባልደረባ ስም የተሰየመውና በ2021 የጸደቀው የብራንደን ሕግ፣ አንድ ወታደር ምክንያቱን ሳይዘረዝር ለአለቃው ጥያቄውን ቢያቀርብ፣ አለቃው በተቻለ ፍጥነት ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲልከው ያስገድዳል። ለምስጢር ፈቃድ የሚሞላው ቅጽም ቢሆን ሕክምናና ምክር ማግኘት ብቻውን ፈቃድ እንደማያስከለክል በግልጽ ያስቀምጣል። የሕክምናው ምስጢር ጠባቂነት ግን ገደብ አለው፤ በራስ ወይም በሌላ ሰው ላይ የጉዳት ስጋት ካለ፣ ወይም ግዳጅ የሚታወክ ከሆነ ለአዛዡ ይነገራል። ይህን ሸሽገን ልናደፋፍራችሁ አንፈልግም። ለጦሩ የሃይማኖት አባት በምስጢር የተነገረ ቃል ግን ለአዛዥ አይተላለፍም።

ወላጆች ሆይ፣ «አብዷል ይሉብናል» የሚለው ፍርሃታችሁ ልጆቻችሁን ከሕክምና እንዳያስቀራቸው አደራ እንላለን፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪምም ማየት ይችላል። ልጃችሁ ከካምፕ ደውሎ «ደህና ነኝ» ብሎ በችኮላ ሊዘጋ ሲል፣ እንቅልፉንና ምግቡን ረጋ ብላችሁ ጠይቁት።

አስቸኳይ ሲሆን በማንኛውም ሰዓት ወደ 988፣ የአስቸኳይ የአእምሮ ጤና እርዳታ መስመር፣ ደውሎ ለወታደሮች የተመደበውን 1ን መጫን ይቻላል።