ለረግረጉ መደብ አጃቢ ተክል እንምረጥ

ሰላም ቤተሰብ፣

ለነፍሳት በል ተክሎቻችን ጎረቤት የሚሆኑትን ለመምረጥ ቅዳሜ ጠዋት በሐበሻ 4 ሰዓት እንገናኝ። ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መደቡን ያዘጋጀንበት ጓሮ ነው።

አፈሩ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚገኝ የሞስ ብስባሽ) እና አሸዋ ብቻ ነው። ስለዚህ የምንመርጠው ተክል እርጥበት የሚወድ፣ ማዳበሪያ የማይፈልግ፣ ፀሐይ የማይጋርድ መሆን አለበት። የእኔ ምርጫ የረግረግ ኦርኪድ የሆነው ሮዝ ፖጎኒያ ነው። ግንዱ ቀጭን ነው፤ ነፍሳት በል በሆኑት ሳራሴንያዎች መሃል ሾልኮ ያብባል እንጂ አያጨልምባቸውም። ክራንቤሪም ያምራል። ግን ሐረጉ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሌላዋን ነፍሳት በል ተክላችንን፣ ትንሿን ሰንዲው፣ ይሸፍናታል፤ ከተከልነው ቶሎ ቶሎ መከርከም ግድ ነው። ናና ግን እባካችሁ ይቅር! ሥሩ አንዴ ከተሰራጨ ነቅለን አንጨርሰውም።

ጓንት፣ መቀስና የዝናብ ውሃ ያዙ። የዝናብ ውሃ ከሌለ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ ውሃ) ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድኑ ይጎዳቸዋል። ተክል የምታመጡ ከችግኝ ሻጭ የተገዛ ብቻ፤ ከዱር የተነቀለ አንተክልም።

ፖጎኒያ፣ ክራንቤሪ ወይስ ሁለቱም? እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። መምጣት የማትችሉም ምርጫችሁን አሳውቁን።