የሙዚቃና የኮምፒውተር ክበብ፦ ከጃፓን የድሮ ጨዋታዎች ሙዚቃ ጋር ያሳለፍነው ዓመት

ክበባችን ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍል ይሰበሰባል። ዘንድሮ ሥራችንን ሁሉ ለአንድ ጉዳይ ሰጠነው፤ እርሱም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በጃፓን ኮምፒውተሮች ላይ ለጨዋታ የተደረሰው፣ ኤፍኤም ሲንተሲስ በሚባለው ስልት የሚፈጠረው ሙዚቃ ነው። (በዚህ ዘገባ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ርዕሱን ሳስተዋውቅ አብዛኞቹ አባላት ጨዋታውን የሚጫወቱ መስሏቸው ነበር። እኔ የፈለግሁት ግን እንዲያዳምጡ ነው። ሙዚቃ ከፍቶ ሌላ ሥራ መሥራት ሁላችንም እናውቅበታለን፤ ቁጭ ብሎ ቤዙን (ወፍራሙን የታች ድምፅ) ከዜማው፣ ዜማውን ከምቱ ለይቶ መከተል ግን መማር ያለበት ነገር ነው። ለዚህ ደግሞ ከእነዚህ ሥራዎች የተሻለ መማሪያ አላገኘሁም፤ በአንድ ጊዜ የሚሰሙት ድምፆች በቁጥር የተወሰኑ ናቸውና። ስድስት ከተባሉ ስድስት ናቸው፤ ሰባተኛ የለም።

የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት የጀመርነው ከፊዚክስ ነው። በ1967 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ የተባለ የሙዚቃ ደራሲ በኮምፒውተር የሚፈጠር ድምፅን በማርገብገብ ይሞክር ነበር። ዘፋኝ ድምፁን ሲያርገበግብ የድምፁ ከፍታ በሴኮንድ አምስት ስድስት ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ቻውኒንግ ይህን መርገብገብ እያፈጠነ ሲሄድ፣ አንድ ደረጃ ላይ ጆሮው መርገብገቡን መለየት ተወና በምትኩ ፈጽሞ አዲስ የድምፅ ቀለም ሰማ። አንዱ ሞገድ የሌላውን ድግግሞሽ ሲነቀንቅ በዙሪያው ሌሎች ድግግሞሾች ይወለዳሉ። ኤፍኤም ሲንተሲስ የሚባለው ይህ ነው። መሠረተ ሐሳቡ የኤፍኤም ሬዲዮው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሁለቱም ሞገዶች ጆሮ በሚሰማው ክልል ውስጥ መሆናቸው ነው።

ይህንኑ በክፍላችን ደገምነው። ድግግሞሹ 200 ኸርዝ (በሴኮንድ 200 ጊዜ) የሆነ አንድ ሞገድ ወሰድን፤ በሌላ ሞገድ በ6 ኸርዝ አርገበገብነው፤ ከዚያም ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ጨመርን። ነቅናቂው (ሁለተኛው ሞገድ) 200 ኸርዝ ሲደርስ 400፣ 600፣ 800 እያሉ የሚሄዱ ተከታይ ድግግሞሾች ተወለዱና የመለከት ዓይነት ደማቅ ድምፅ ወጣ። ነቅናቂውን 280 ስናደርገው 480፣ 760፣ በሌላው ወገን ደግሞ 80፣ 360 እያሉ ከ200 ጋር የማይስማሙ ድግግሞሾች መጡ፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ተማሪዎች «ደወል!» ብለው ጮኹ። ሞገድን በሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ሥያለሁ፤ ተማሪዎቼ እንደዚያ ቀን ገብቷቸው አይቼ ግን አላውቅም።

ስታንፎርድ ግኝቱን ለአሜሪካ ኦርጋን ሠሪዎች ቢያቀርብ የሚቀበል አላገኘም። ፋይዳውን ቶሎ የተረዳው ኢሺሙራ ካዙኪዮ የተባለ የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ያማሃ በ1983 ዲኤክስ7 የተባለውን ኪቦርድ ለገበያ አቀረበ፤ ያ ኪቦርድ የዘመኑን የዓለም ሙዚቃ ድምፅ ለወጠው። እኛን የሚመለከተው ግን ያማሃ ያንኑ ስልት በትንሽ ቺፕ ውስጥ አስገብቶ ለኮምፒውተር ሠሪዎች መሸጡ ነው።

በጃንዋሪ 1985 የወጣው የጃፓኑ ኩባንያ የኤንኢሲ ፒሲ-8801 ማርክ ቱ ኤስአር ኮምፒውተር በውስጡ ዋይኤም2203 የተባለውን ቺፕ ይዞ ነበር። ቺፑ ሦስት የኤፍኤም ድምፆች አሉት፤ ከእነርሱ ጋር ጠፍጣፋና ቀለል ያለ ቃና ያላቸው ሦስት ተጨማሪ ድምፆችም ያወጣል። የዚህ ኮምፒውተር ሙዚቃ የተደረሰው ለእነዚህ ስድስት ድምፆች ነው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ለደራሲዎቹ አዘኑላቸው፤ ለምን ዘፈኑን ቀድተው አላስገቡትም ብለው ጠየቁ። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። በሲዲ ጥራት የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ የዚያ ኮምፒውተር ፍሎፒ ዲስክ ደግሞ 320 ኪሎባይት ገደማ ነበር፤ በዚያ ላይ ሥዕሉም ታሪኩም ፕሮግራሙም መግባት አለበት። አንድ የኤፍኤም መሣሪያ ግን፣ ፒያኖም ይሁን ቤዝ፣ ከሠላሳ ባይት በማይበልጥ ቁጥር ይገለጻል። ዲስኩ የሚይዘው የተቀዳ ድምፅ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ ድምፁ የሚወለደው በተጫዋቹ ቤት፣ በዚያው ቅጽበት ነው። ከዚህ ቀን በኋላ የሚያዝን ተማሪ አላየሁም።

ረጅሙን ጊዜ የሰጠነው በ1987 ኒሆን ፋልኮም የተባለው የጃፓን ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ላወጣው «ኢስ» ለተባለው ጨዋታ ሙዚቃ ነው። ደራሲዎቹ ኮሺሮ ዩዞና ኢሺካዋ ሚኤኮ ናቸው። ኮሺሮ ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ይህን የሰሙ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቀና ብለው ተቀመጡ። በማዳመጥ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲከተል እናደርግ ነበር። አንዱ ቤዙን ይዞ ይሄዳል፤ አንዷ ዜማውን፤ ሌላው የሚንኳኳውን ምት። በዚህ መንገድ የዘመኑን ደራሲዎች ብልሃት አንድ በአንድ ደረስንባቸው። ክፍሉ ሰፊ መስሎ እንዲሰማ ሁለተኛው ቻናል (ሌላው የቺፑ ድምፅ) ያንኑ ዜማ ትንሽ ዘግይቶና ዝቅ ብሎ ይከተለዋል፤ ገደል ማሚቶ በዚህ መንገድ ይሠራል። ኮርድ (በአንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) የሚይዝ ትርፍ ድምፅ ሲታጣ የኮርዱ ኖታዎች በጣም በፍጥነት ተራ በተራ ይመታሉ፤ ጆሮ አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። ዜማው ሲያርፍ ቤዙ ቦታውን ይሞላል። ሥራ ፈት ሆኖ የሚቀመጥ ድምፅ የለም፤ ይህ ሙዚቃ እስከ ዛሬ ሕያው የሆነበት ምክንያት በእኔ እምነት ይኸው ነው።

የዓመቱ ትልቅ ክርክር የተነሣውም ከዚሁ ሥራ ነው። «ኢስ» ከተከታዩ ክፍል ጋር በ1989 ፒሲ ኢንጂን ለተባለው የጨዋታ መሣሪያ በሲዲ ሲወጣ፣ ሙዚቃው በዮኔሚትሱ ርዮ እንደገና ተቀናብሮ በእውነተኛ ቅጂ ቀረበ። ሁለቱን አከታትለን ሰማን። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሲዲው ቅጂ ሙሉና ሞቅ ያለ ነው፤ ደራሲዎቹም ይህን ድምፅ ቢያገኙ ኖሮ ይመርጡት ነበር ብላ በብርቱ ተከራከረች። ተቃዋሚዎቿ ዜማው የተጻፈው ለቺፑ ስለሆነ ከቺፑ ሲወጣ ስለቱ ይደነዝዛል አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ነገር ግን የእርሷ ክርክር ሁለት ሐሙስ አስቀመጠን፤ የክበቡም ምርጥ ውይይት ነበር። ሁሉም የኤፍኤም ሙዚቃ ያማረ ነው አልልም። የብረት መለከት ለመምሰል የሚሞክሩት ድምፆች ብዙ ጊዜ ይሰነጥቃሉ፤ ረዘም ሲሉም ጆሮ ያደክማሉ። ቤዙና ደወሉ ግን ወደር የላቸውም።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወደ መጻፉ ገባን። የጃፓን ደራሲዎች ዜማቸውን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በፊደልና በቁጥር ነበር፤ ለኖታው አንድ ፊደል፣ ለርዝመቱ አንድ ቁጥር። ኮሺሮ ይህን ስልት ለራሱ እንዲመች አድርጎ አሻሽሎታል፤ በ1991 ለሴጋ የጨዋታ መሣሪያ የወጣውን «ስትሪትስ ኦቭ ሬጅ» የደረሰው በዚያው በአሮጌው ፒሲ-8801 ላይ ነው። ስሙ በጨዋታው መክፈቻ ላይ መጻፉን ለተማሪዎቹ አሳይቻቸዋለሁ፤ በዚያ ዘመን የጨዋታ ሙዚቃ ደራሲ እንዲህ ያለ ክብር የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነበር። እኛ የተጠቀምነው ፈርነስ የተባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ እነዚያን ቺፖች በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ላይ አስመስሎ ያሠራቸዋል።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሙዚቃ የሚያደርስ በር ተከፈተ። የአምባሰል ቅኝት በኪቦርድ ላይ በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር ርቀቶቹ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ናቸው። ሚያኮ ቡሺ የሚባለው የጃፓን ባህላዊ ቅኝትም ርቀቶቹ እነዚሁ ናቸው። ይህን በሁለት መሥመር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ክፍሉ ጸጥ አለ። አጉል መደምደሚያ ላይ እንዳንደርስ ግን ደጋግሜ አስጠንቅቄያለሁ፤ የቅኝቱ ኖታዎች ቢገጣጠሙም አዘፋፈኑና ጌጡ የየሕዝቡ ነው፤ አብዛኛው የጨዋታ ሙዚቃም ከምዕራቡ ሮክና ጃዝ የተቀዳ ነው። የሆነ ሆኖ አምባሰልን በስድስት ድምፅ ለማቀናበር ከዚህ የበለጠ ምክንያት አላስፈለገንም።

ክራር ለመሥራት ሦስት ተማሪዎች ተመደቡ። በቺፑ አንድ የኤፍኤም ድምፅ አራት ሞገዶች አሉት፤ እነርሱም በስምንት ዓይነት መንገድ ይያያዛሉ። ክር ሲመታ መጀመሪያ ላይ ድምፁ ስል ነው፤ ወዲያው ይለዝባል። ስለዚህ ነቅናቂው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ቶሎ እንዲሞት፣ ተሸካሚው (የሚነቀነቀው ሞገድ) ግን ቀስ ብሎ እንዲከስም አደረጉ። ልጆቹን ያስቸገራቸው የድምፅ መጠኑ ቁጥር ነበር፤ በዚህ ቺፕ 0 ከፍተኛው፣ 127 ደግሞ ዝምታ ነው። ከለመዱት በኋላ ያወጡት ክራር ክራር ነው፤ ከውጭ ሆነው የሰሙ የአማርኛ መምህር ማን እየደረደረ እንደ ሆነ ሊያዩ ገብተዋል። ዋሽንቱም አንዱ ሞገድ ራሱን መልሶ እንዲነቀንቅ በማድረግ የትንፋሽ ሽውታ አገኘ። ማሲንቆው ግን አስቸግሮናል። የማሲንቆ ድምፅ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ከኖታ ወደ ኖታ ይንሸራተታል፤ ጭረቱም በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። ይህን ለማግኘት ለእያንዳንዱ መንሸራተት ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሥራው ለመጪው ዓመት ተላልፏል።

ክራር፣ ዋሽንት፣ ቤዝና ምት ያለው የአምባሰል ቅንብር በወላጆች ቀን ቀርቧል። ፋይሉ ስንት ባይት እንደ ሆነ በፖስተር ጽፈን ለጥፈን ነበር፤ ከዜማው እኩል ሰው የሰበሰበው ያ ፖስተር ነው። የጆሮ ማዳመጫዎችን ለገዛልን የወላጆች ኮሚቴና ክፍሉን ለፈቀዱልን ርእሰ መምህር ክበቡ ከልብ ያመሰግናል።

በመጪው ዓመት ወደ ሻርፕ ኤክስ68000 እንሸጋገራለን። በ1987 የወጣው ይህ ኮምፒውተር ዋይኤም2151 በተባለው ቺፕ ስምንት የኤፍኤም ድምፆችን በስቴሪዮ ያሰማል፤ ለደወልና ለጸናጽል የሚመቹ ያልተስማሙ ድግግሞሾችንም በቀጥታ ይሰጣል። ከዚያ ቀጥሎ በቶኪዮ ዴንኪ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ክበብ ውስጥ ሳለ ለሙዚቃው መድረክ ፍለጋ ጨዋታ መሥራት የጀመረውን፣ ዙን በሚባለው ስሙ የሚታወቀውን ደራሲ፣ ፒሲ-98 ለተባለው የኤንኢሲ ኮምፒውተር የሠራቸውን ሥራዎች እናዳምጣለን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ተማሪዎች በመስከረም መጨረሻ መመዝገብ ይችላሉ። ኖታ ማንበብ ግዴታ አይደለም፤ ማሲንቆ የሚጫወት ወይም ቤተሰቡ ውስጥ የሚጫወት ሰው ያለው ተማሪ ግን አስቀድሞ ቢያነጋግረኝ ደስ ይለኛል።